በቀኝ ሙሽራ፣ በግራ አማት

ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ከምሰሶና ከግድግዳ ነው። «የሚከራይ ቤት»፣ «ፍራሽ እናድሳለን»፣ «እዚህ ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል»፣ እነዚህ ናቸው አስተማሪዎቼ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ መንገድ ስወጣ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ የማላልፈው። ልጆቼ «እማዬ የአንድ ፌርማታ መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ያን ቀን አስኮ ዘመድ ጠይቄ አድሬ ስመለስ፣ ቀራንዮ ከታክሲ እንደወረድኩ የመብራት ምሰሶው ላይ አዲስ የሐዘን ወረቀት አየሁ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ፊቷ እንደ ተላጠ እንቁላል ነው። አንዲት መስመር የለበትም። «ምጽ፣ ምን ነካት ይቺን ልጅ፣ ገና ምኑን አየችውና» ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ከዚያ ወደ ስሙ ወረድኩ። ዶክተር ስንዱ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሙ የጎረቤቴ ነው፤ ፊቱ ግን የማንም አይደለም። መርዶ በማለዳ፣ በዘመድ አፍ ነው የሚነገረው፤ እኔ ግን በፀሐይ፣ በምሰሶ ተረዳሁ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንዱ ወያላ «እማማ፣ ዘነበወርቅ ነዎት?» ይለኛል፤ አልመልስለትም። የማስበው ስለ ፎቶው ነበር። ያቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ከሰው ፊት ላይ ሽብሽብ የሚያጠፋ ነገር ስትፈልግ ኖራ አላገኘችም። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ በአንድ ከሰዓት አጠፋው፤ ያውም ከእሷው ፊት ላይ።

ስንዱ የሟች ጎረቤቴ የእትዬ አስካለ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። እናቷ ስታርፍ ቤቱ እንዳይዘጋ ብላ ተመልሳ ገባችበት። ያኔ አምሳ ዓመት አልሞላትም፤ ፊቷ ግን ከእኔ እኩል ነበር ብል ሐሜት አይሆንብኝም፣ እሷም ታውቀው ነበር። በሁለቱ ቅንድቦቿ መካከል ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት መስመሮች ነበሯት፤ በቢላ የተሰመሩ ይመስላሉ። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር አስራ አንድ» ብሎ ስም አወጣላት። ስትሰማ አልተቆጣችም። «ከዜሮ ይሻላል» አለች።

ዶክተር ናት ስለተባለ ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ወደ እሷ መሮጥ ጀመርን። አንድ ቀን የልጅ ልጄን ይዤባት ሄድኩ።

«እማማ የሺ፣ እኔ እኮ የኬሚስትሪ ዶክተር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም» አለችኝ።

«እሱን ተይውና ጉሮሮዋን እይልኝ።»

ባትሪ አምጥታ ጎንበስ ብላ አየች። «ቀልቷል።»

«ታዲያ ምን ይሻላታል?»

«ሐኪም ቤት ይውሰዷት።»

እንዲህ ናት። የማታውቀውን አታውቅም። የምታውቀውንም ቢሆን በግድ ነው የምታምነው። ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ገና አይታወቅም» የሚል ነበር። ደመናው የቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ተቀምጦ «ስንዱ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ብትሏት፣ «ገና አይታወቅም።» «ባልስ አታገቢም ወይ?» «ገና አይታወቅም።» እድር ላይ አንድ ሽማግሌ በነገር ሊወጓት ብለው «ለመሆኑ ትንሣኤ ሙታን አለ ብለሽ ታምኛለሽ?» ቢሏት፣ «እሱንስ አምናለሁ አባባ፤ እኔ የማላምነው ቅባት ነው» አለቻቸው።

ሥራዋ ደግሞ ቅባት ነበር።

እንዴት እዚያ እንደ ደረሰች ልንገራችሁ። ወጣት ሳለች ዘነበወርቅ በኩል የቆዳ ሕመም ከጎዳቸው ሰዎች ጋር ሠርታለች። እኔ ልጅ ሆኜ በዚያ ሰፈር ስናልፍ እናቴ አፍንጫችንን በነጠላ ትሸፍነን ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ስንዱ ግን እዚያ ቁጭ ብላ ስንት ዓመት ሙሉ አልድን ያለ የእግር ቁስል አየች። ለዚያ የሚሆን ነገር ልሥራ ብላ ተነሳች። የሚደግፋት ግን አጣች።

«ለቁስል የሚከፍል ሰው የለም፣ እማማ የሺ።»

«ለምንድነው ታዲያ የሚከፈለው?»

«ለሽብሽብ።»

እውነቷን ነው። እግሩ የቆሰለ ሰው ድሃ ነው፤ ፊቱ የተሸበሸበ ሰው ግን ሀብታምም ሊሆን ይችላል። የቅባት ነጋዴዎች መጥተው አነጋገሯት፦ መጀመሪያ የፊት ሽብሽብ የሚቀንስ ቅባት ሠርታ መሥራቱን ታሳያቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ የቁስሉን ምርምር ያስጀምሩላታል። «ከፊት ጀምሮ እግር ድረስ ይወርዳል» ትል ነበር እየሳቀች። የእነዚያ እግረ ቁስሎች ተስፋ በእኛ ጉንጭ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያደረግኩትን ያደረግኩት። እዚያ እደርሳለሁ።

የምትሠራው ነገር ፔፕታይድ ይባላል። ለእኛ ምላስ አልታጠፍ ብሎ «ጴጥሮስ» አልነው። አንዷማ የምር የቅዱሱ መስሏት ማሰሮዋን ተሳልማ ነው የተቀባችው። ስንዱ እኔን አስቀምጣ አስረዳችኝ።

«ዶቃ ያውቃሉ አይደል?»

«አንገቴ ላይ አርጅቶ የለ እንዴ።»

«ቆዳዎን ወጥሮ የሚይዘው ነገር እንደ ረጅም የዶቃ ክር ነው ይበሉ። ዕድሜና ፀሐይ ሲበዛበት ይበጠሳል። የተበጠሰው ቁራጭ፣ አራት አምስት ዶቃ ያለው፣ ለቆዳው 'ኧረ ተበጠስን፣ ድረሱልን' ብሎ ይነግረዋል። ቆዳው ሲሰማ ተነስቶ አዲስ ክር ይፈትላል። እኔ ያንን ቁራጭ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዶቃ በዶቃ እሰካዋለሁ። ሰው ሠራሽ ነው።»

ትንሽ አሰብኩበት። «እንግዲያው ምንም ሳይበጠስ፣ ተበጥሷል ብለሽ ልታስነግሪ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ያልሞተ ሰው መርዶ ነዋ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አየችኝ። አስራ አንዱ ተፈታ። «ሰባት ዓመት ሳስረዳ እንደዚህ ብዬው አላውቅም» አለች።

«ቆዳው ግን መርዶውን ያምናል?»

«ገና አይታወቅም።»

ያንን ለማወቅ አስራ ሁለት አሮጊት ያስፈልጋታል። ቀራንዮ ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል እንጂ አሮጊት ጠፍቶ አያውቅም። ከእድራችን ተመረጥን። ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበችልን፣ የፈቀድን ፈረምን፣ ያልቻለች በአውራ ጣቷ። ዳግም ትንሣኤ እንዳለፈ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ትንንሽ ማሰሮ ሰጠችን። ማንበብ ለማይችሉት ብላ አንዱ ላይ ቀይ ክር፣ አንዱ ላይ ነጭ ክር አስራለች። ቀዩ ለቀኝ ጉንጭ፣ ነጩ ለግራ።

«በአንዱ ውስጥ ፔፕታይዱ አለ፤ በሌላው ባዶ ቅባት ነው» አለችን። «የአንዷ በቀዩ ሊሆን ይችላል፣ የሌላዋ በነጩ። የማን የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«የሠራሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለች ጫልቱ። ጫልቱ ቤት ለቤት የምንዋሰን ጓደኛዬ ናት፤ የቡራዩ ሰው፣ ጴንጤ፣ ምላሷ ስለታም።

«ማሰሮውን የሞላችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል። ካወቅኩ ዓይኔ ያዳላል።»

ያን ጊዜ ያቺ «ያዳላል» የምትል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ፊታችንን ፎቶ ከማንሳቷ በፊት መብራቱን ለመሞከር ራሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «ይህቺን ይጫኑልኝ፣ እማማ የሺ» አለችኝ። ተጫንኩት። በሕይወቴ ያነሳሁት የመጀመሪያ ፎቶ ነው። አሳትማ ሰጠችኝ፤ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ዓይናችን ጥግ ላይ ሊጥ የመሰለ ነገር ለጥፋ፣ ሲጠነክር ላጥ ታደርገዋለች፤ ሽብሽባችን ታትሞበት ይወጣል። የእኔን አሳየችኝ። የታረሰ ማሳ ነው የሚመስለው።

«ይሄ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ የመጣ ነው» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ።

ጠጋ ብላ አየችው። «እሱ እንኳ ከፀሐይ ነው።»

«ይሄስ? ልጄ ስትሰደድ…»

«ይሄ በቀኝ ጎንዎ ስለሚተኙ ነው።»

እንግዲህ ሰው ሐዘኑን ይዞ ሄዶ የትራስ ነው ተብሎ ይመለሳል።

የሰኔ ጾም ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። «ይሄ ጴጥሮስ የጾም ነው የፍስክ?» ብላ አንዷ ጠየቀች። ስንዱ በየዋህነቷ «የፕሮቲን ቁራጭ ነው» አለች። ፕሮቲን ሥጋ መሆኑን ሁላችንም ከሬዲዮ ሰምተናል። ማሰሮው ተዘጋ። «ከእንስሳ አይደለም፣ ሰው ሠራሽ ነው» ብትል ማን ሰምቷት። ጫልቱ ብቻ እየሳቀች ትቀባለች። በመጨረሻ ለመምሬ ተነገረ። መምሬ አሰቡ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ፣ «አትላሱት» አሉ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

በየሳምንቱ ስንዱ ወረቀት ይዛ በየቤቱ ትዞራለች። «ጉንጭዎ ላይ ለውጥ አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይሁን፤ ግን ተሻሽሏል ወይስ እንደነበረ ነው?»

«ተመስገን ነው፣ ምን ይባላል።»

ወረቀቱ ላይ «አዎ»፣ «አይ»፣ «እንደነበረ» የሚል እንጂ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሳጥን አልነበረውም። ለእኛ ሲባል በእጇ አንድ ሳጥን ጨመረችበት። አስራ ሁለታችንም እዚያ ውስጥ ገባን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጫልቱ በር ላይ ቆማ ፊቴን በቀኝ አየችኝ፣ ዞራ በግራ አየችኝ።

«የሺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ተናገሪ።»

«በቀኝ በኩል ሙሽራ መስለሻል። በግራ በኩል አማቷን።»

ሳቅን። ቤት ስገባ ግን መስታወት ፊት ቆምኩ። እውነትም ግራው የተከፋ መሰለኝ። ሁለት ልጅ ያላት እናት አንዱን አጉርሳ ሌላውን ቁጭ ብለህ እይ ትለዋለች? ያው የአንድ ፊት ልጆች ናቸው። ትንሽ ሳህን አመጣሁና ከቀዩም ከነጩም ጨልፌ አዋሃድኩት። ሁለቱንም እኩል ቀባኋቸው። ልቤ አረፈ። በሳምንቱ የአንድ ጎረቤት ተስካር ላይ ድስት ስናጥብ ነገሩን አነሳሁት። ለካ ሁሉም በየቤቷ ያንኑ ስታምጥ ኖራለች። አንዷ «እኔማ ግራዬን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አፍርበታለሁ» አለች። ሌላዋ «አድልዎ ኃጢአት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስራ ሁለታችንም ደባለቅን። ለስንዱ የነገራት የለም፤ ምክንያቱም ሁላችንም በየቀኑ በመቀባታችን ደስ ብሏት ነበር፤ ደስ ያላትን ሰው ማን ያስከፋል።

ሐምሌ ሲጋመስ ለመጨረሻ ጊዜ ተለካን። ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በረንዳዋ ላይ ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አስራ አንዱ መቶ አስራ አንድ ሆኗል።

«አልሠራም፣ እማማ የሺ።»

«ምኑ ልጄ?»

«ቅባቱ። በቀኝና በግራ መካከል ልዩነት የለም። በአንዳችሁም ላይ። ቢያንስ አንዷ ላይ እንኳ ትንሽ ነገር እጠብቅ ነበር።» ወረቀቶቹን ሰበሰበቻቸው። «ነገ አይሠራም ብዬ ጽፌ እሰጣለሁ። የቁስሉም ነገር በዚሁ አበቃ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉንጬ ሲቃጠል ተሰማኝ፤ ሁለቱም፣ እኩል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ማሰሮዎቹ ተመልሰዋል፣ ሳህኑ ታጥቧል። ግን ልጅቷ ሰባት ዓመት የሰካችውን ዶቃ አይሠራም ብላ ልትፈርም ነው።

«ስንዱ… ለሁለቱም እኩል ቢሰጣቸው ምን ያደርጋል?»

«ለማን?»

«ለጉንጮቹ።»

ቀስ ብላ ዞረች። «እማማ የሺ፣ ምን አደረጉ?»

«አደባለቅኩት።»

«መቼ?»

«ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ።»

«እርስዎ ብቻ?»

«ተስካር ላይ ተነጋገርንበት።»

«አስራ ሁለታችሁም?»

«የተቃወመ የለም።»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። እኔ ቁጣ ስጠብቅ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እየሳቀች ነው፣ ድምፅ በሌለው ሳቅ። «ቃለ ጉባኤ ይዛችኋል?» አለችኝ። ሳቁ ግን አልቆየም። «ለምን?» አለችኝ። ስለ ሁለቱ ልጆችና ስለ ጉርሻው ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ነገ ውሸት ልጽፍ ነበር» አለች። «አይሠራም ልል ነበር። አሁን የምለው፣ አይታወቅም።»

«እሱ ይሻላል?»

«እውነት ነው» አለች። ይሻላል አላለችም።

በሳምንቱ ፖስታው ተከፍቶ ዝርዝሩን አምጥታ አሳየችኝ። የእኔ ፔፕታይድ በነጩ ክር ውስጥ ነበር፤ በግራ በኩል። ጫልቱ ሙሽራ ያለችው ጉንጭ ሁለቱን ሳምንት የተቀባው ባዶ ቅባት ነው። ለጫልቱ ስነግራት ቅር አላላትም። «ስንቷ ሙሽራ በባዶ ቅባት አምራለች» አለች።

ነጋዴው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከረባት ያሰረ፣ ጫማው ከእኛ ጭቃ ጋር የተጣላ። እኔ ጓሮዋ ጎመን ልቀጥፍ ገብቼ ነበር፤ መውጫውን እነሱ ያዙት። ሳልፈልግ ሰማሁ እል ነበር፣ ግን ፈልጌ ነው የሰማሁት።

«ዶክተር፣ ሲጀመርና ሲያልቅ የተለካውን አይቼዋለሁ። ሁለቱም ጉንጭ ለስልሷል አይደለም እንዴ?»

«ለስልሷል።»

«ታዲያ ምን ቀረዎት?»

«ስንጀምር ሚያዝያ ነበር፣ ስንጨርስ ሐምሌ። ዝናብ ከጣለ ወዲህ የቀራንዮ መንገድም ለስልሷል። ጫማዎትን ይዩት።»

«ሴቶቹስ ምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።»

«አስራ ሁለቱም?»

«አስራ ሁለቱም።»

«ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?»

«እነዚህ ሴቶች ጥርሳቸው ተነቅሎም እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚሉት።»

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር፣ አንድ ፊርማ ነው የምንጠይቅዎት። ተጠቃሚዎች ሁሉ ረክተዋል የሚል፤ ውሸት የለበትም። በማግሥቱ የቁስሉ ሥራ ይጀመራል። እነዚያ ሰዎች ይጠብቁዎት የለ?»

  ጎመኔን እንደ ታቀፍኩ ጆሮዬን አቀናሁ። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ «ፈርሚ፣ ልጄ፣ ፈርሚ» እያልኩ ነበር። የእነዚያ ሰዎች እግር በእኔ ሳህን ምክንያት እንዳይቀር ብዬ። ማሰሮዋን የደባለቅኩባት እኔ፣ ውሸትና እውነትም ብትደባልቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ዛሬ ስለ ፊት ከዋሸሁ» አለች ስንዱ፣ «ነገ ቁስል ዳነ ስል ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን በምን አምናለሁ?»

ሰውዬው ኮፍያውን አንስቶ ሄደ። ሲወጣ ጎመን ያቀፈች አሮጊት አይቶ «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፤ ምን ልበል።

ነጋዴዎቹ በኋላ ከሌላ ቦታ ያመጡትን ቅባት መሸጥ ጀመሩ። ማስታወቂያው ታክሲ ተራው ላይ ተሰቅሎ አንብቤዋለሁ። «ሽብሽብን ያጠፋል» ይላል፤ ከሥሩ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ትስቃለች። እሷ ላይማ ጠፍቷል።

ስንዱ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ጻፈችው። አንድ ከሰዓት በአማርኛ እያደረገች አነበበችልኝ። «ተሳታፊዎቹ እርስ በርስ ተስማምተው ሁለቱን ቅባት ደባልቀዋል» የሚል አለበት።

«ስማችንን ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩም።»

«ጥፋታችንንስ?»

«እሱን ጽፌዋለሁ።»

አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። በየጊዜው ለቁስሉ ሥራ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ መልስ ትጠብቃለች። «መጣ?» ስላት «ገና» ትላለች። «ገና አይታወቅም» የምትለው ቃል እያጠረች «ገና» ብቻ ሆና ቀረች። እኔ ራሴ አንዴ ጠየቅኳት፦ «አንቺስ ምነው ያንን ጴጥሮስሽን አንድ ቀን እንኳ አልተቀባሽም?» «ከተቀባሁ ይሠራል ብዬ ማመን ያምረኛል» አለች። እንደዚህ ያለ ጾም ደግሞ እኔ አላየሁም።

ከዚያ ታመመች። እህቷ ሙሉ፣ ሰሚት ወዳለው ቤቷ ልትወስዳት መኪና ይዛ መጣች። ጉንጯን ስሜ፣ ቀኙን፣ ግራውን፣ እንደገና ቀኙን፣ «ትድኛለሽ» አልኳት።

«ገና አይታወቅም» አለችና ፈገግ አለች። ስድስት ወር አለፈ። ከዚያ ምሰሶው።

ለቅሶው እናቷ ቤት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያ ለስላሳ ፎቶ ትልቅ ሆኖ፣ አበባ ተደርጎለት ቆሟል። ሰው ይገባል፣ ፎቶውን ያያል፣ ይቀመጣል። የሚያለቅስ ግን የለም። የማያውቋት ሴት ለቅሶ ላይ እንደ ተቀመጡ ሁሉ በጨዋ ደንብ ያወራሉ። ከመሥሪያ ቤቷ የመጣች አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ዓይኗን አፈጠጠች። «እናንተ ናችሁ? እኛ እኮ ከዚያ ጽሑፍ ወዲህ ቅባቱን ለማንም ሰጥተን አንልክም፤ ራሳችን ነን የምንቀባው።» ደህና ነገር ሠርተን ሳይሆን ጥፋታችን ትምህርት ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

በሠልስቱ ዳዊቴን ይዤ ሄድኩ። ሙሉን ወደ ጎን ጠርቼ ፎቶውን አወጣሁላት። ያ እኔ የተጫንኩት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መብራቱ ፊቷ ላይ አፍጦ፣ አስራ አንዱ ቁልጭ ብሎ።

«ይሄንን አድርጉት» አልኳት።

ሙሉ አየችውና ከንፈሯን ነከሰች። «እማማ የሺ፣ በዚህኛው እኮ አርጅታለች። ሰው ቆንጆ ሆና ያስታውሳት ብዬ ነው ያሠራሁት።»

«ያረጀችው በእኛ ፊት ነው፣ ልጄ።»

መጀመሪያ የገባት ከፊታችን ማለቴ እንደሆነ ነው። ቆይታ ግን ፊቴን አየችው፤ ጉንጮቼን፣ አንዱን፣ ከዚያ አንዱን።  ሄዳ ትንሿን ፎቶ በትልቁ ላይ አስደግፋ አቆመችው። ለስላሳው ፊት ከግንባሩ በታች ተሸፈነ።

ከበሩ በኩል የገባችው ጫልቱ ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ እንባ ስታስተናግድ የቆየችው ጫልቱ ቀና ብላ አየችና እዚያው ቆመች። «ወይኔ፣ አስራ አንዳችን» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ዞሩ፣ አዩ፣ እነሱም አለቀሱ። እስከዚያ ድረስ መርዶውን ያመነው ሰው አልነበረም።

ጫልቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። በነጠላዋ ጫፍ ጉንጬን ጠረገችልኝ። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ እኩል።